መልእክት የለውም ስለተባለ አንድ ዘፈን

በኪነ ጥበብ ግምገማ ስብሰባዎቻችን ከሁሉ የሚያጥርና ገምጋሚውን ከሁሉ የማያደክም አንድ ፍርድ አለ፤ «መልእክት የለውም» ይባላል። ይህ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ገምጋሚው ዜማ ማወቅ፣ ስለ ግጥም መከራከር፣ ከያኒው ከየት ተነሥቶ ወዴት ሊደርስ እንደፈለገ መጠየቅ አይጠበቅበትም። ወረቀቱ ይፈረማል፤ ቀጣዩ ተወዳዳሪ ይጠራል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህ ፍርድ ሲሰጥ በብዙ አዳራሽ ሰምቷል፤ አንድ ጊዜም ከሰጡት ጋር ተቀምጦ ፈርሟል። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት በዚያ ፊርማ ምክንያት ነው።

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. የትንሣኤ ሰሞን፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በጎብዬ ነው። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደዚያ ቆላ ገብቶ ወራት ከቆየ በኋላ ወጥቶ፣ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ እንደገና ተመልሶበታል። የሰላሙ ስምምነት በፕሪቶርያ ከተፈረመበት ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ ገና ስድስት ወር አልሞላም ነበር። ወጣቶች አንድ የኪነት ምሽት አዘጋጁና እኔ የአካባቢው ተወላጅ ባልሆንም ግጥምና ተውኔት ጸሐፊ ነው ተብዬ ከገምጋሚዎች አራተኛ ሆኜ እንድቀመጥ ተጋበዝሁ። ሽለላ ቀረበ፤ ኅብረ ዝማሬ ቀረበ፤ በኪቦርድ የታጀበ አንድ ዘፋኝ የራያን ጭፈራ አቀረበ። ለእነዚህ ሁሉ ጥሩ ነጥብ ሰጠን። ከዚያ በኋላ ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወጡ።

አንደኛው ከሠርግ ሙዚቀኞች የተዋሰውን ጊታር ከሞንታርቦ ጋር አገናኝቷል። ሁለተኛው ክራር ይዟል፤ ነገር ግን ሁለቱን ወፋፍራም ክሮች ብቻ እየመታ የቤዝ ጊታር ሥራ ያሠራዋል። ሦስተኛው ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን በጉልበቱ መካከል አድርጎ፣ ከጎኑ የብረት ትሪ አስቀምጦ፣ በሁለት እንጨት ይደበድባል። ጊታር መቺው ከመጀመሩ በፊት «ዜማው የጃፓን ነው፤ ግጥሙ የኛ» አለ። ይህን ባይናገር ኖሮ ከገምጋሚዎቹ መካከል የሚያውቅበት አልነበረም፤ በዚህ ሐቀኝነቱ የተቀጣ ይመስለኛል። ዘፈኑ ፈጣን ነው፤ እጅግ ፈጣን። የሚናገረው ስለ አንድ ልጅ ነው፤ በገበያ ቀን አስፋልቱ ዳር ቆሞ አንዲት ልጅ እስክታልፍ ይጠብቃል። ልጅቱ በባጃጅ ታልፋለች፤ አታየውም፤ እርሱም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሌላ ነገር የለውም። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ወጣት ግን ከወንበሩ ተነሣ፤ ሁለተኛው አዝማች ሲመጣ አብሮ ይጮህ ነበር።

የግምገማው ቃል አጭር ነበር። ዜማው የባዕድ ነው፤ አቀራረቡ ጩኸት ነው፤ ግጥሙ መልእክት የለውም፤ ያውም ሕዝቡ እንዲህ ያለ መከራ አሳልፎ በቆመበት ሰዓት። ልጆቹ ከውድድሩ ወጡ። እኔም ፈረምሁ። ለምን እንደፈረምሁ ዛሬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ መሸቶ ነበር፣ ሌሎቹም ፈርመው ነበር። ስንወጣ ጀሪካን መቺውን በር ላይ አገኘሁትና፣ ይህ ሁሉ ነገር እያለ ስለ ፍቅር ለመዝፈን ለምን እንደመረጡ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ሌላውንማ ስንሰማው ኖርን እኮ» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ያንን ዜማ ተከታትዬ አገኘሁት። ያገኘሁት ነገር በግምገማው ወረቀት ላይ ከሰፈሩት ሦስት ነቀፋዎች አንዱንም ሳይነካ የሚተው ስላልሆነ፣ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች፣ በተለይም ነጥብ ለመስጠት ለሚቀመጡት፣ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኗል።

ዜማው «ትንሿ የፍቅር ዘፈን» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የያዘ የጃፓን ዘፈን ነው። ያቀረቡት ሞንጎል 800 በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1998 በኦኪናዋ ደሴት፣ ኡራሶኤ በምትባል ከተማ የተሰባሰቡ ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ዘፋኙ ኪዮሳኩ ኡኤዙ እየዘፈነ ቤዝ ጊታሩንም ራሱ ይመታል። አንድ ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ድራም፤ ሌላ መሣሪያ የለም። ይህ ዓይነቱ ሙዚቃ ፓንክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክና በለንደን ወጣቶች ዘንድ ሲነሣ መፈክሩ ቀላል ነበር፤ መሣሪያ ለመምታት ኮንሰርቫቶሪ መግባት አያስፈልግም፣ ሦስት አኮርድ የሚያውቅ መድረክ ላይ ይውጣ የሚል ነው። ከዚህ ጩኸት ውስጥ ለአንደበት የሚመች ዜማ የሚያይልበት ቅርንጫፍ ወጣ። ጃፓን ውስጥ ይህን ቅርንጫፍ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1991 በቶኪዮ የተመሠረተው ሃይ ስታንዳርድ የሚባለው ጓድ ነው፤ እነርሱ በእንግሊዝኛ እየዘፈኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡትን አልበም በራሳቸው አሳታሚ በኩል ለሕዝብ አደረሱ። የኦኪናዋ ልጆች መንገዱን ተቀብለው ቋንቋውን ግን አብዛኛውን በራሳቸው አደረጉት።

እ.ኤ.አ. በ2001፣ ሃያ ዓመት ገደማ ሳሉ ያወጡት አልበም ከሁለት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ በላይ ቅጂ ተሽጧል። ከትላልቆቹ የቶኪዮ ኩባንያዎች ውጭ ታትሞ በጃፓን የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ለመውጣት የመጀመሪያው አልበም ነው። ትንሿ የፍቅር ዘፈን የዚያ አልበም ልጅ ናት። እስከ ዛሬ የጃፓን ተማሪ ጊታር ሲለማመድ ከሚጀምርባቸው ዘፈኖች አንዷ ሆናለች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በስሟ ፊልም ተሠርቶላታል። የአልበሙ ርእስ ምን እንደሆነ ሳይ የተሰማኝን ሐፍረት አንባቢ ይገምትልኝ። ርእሱ «መልእክት» ነው።

ኦኪናዋ ማን ናት? ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዜማው «የባዕድ» ከተባለ ባዕዱ ማን እንደሆነ ማወቅ ተገቢ ነውና። ኦኪናዋ ከጃፓን ዋና ደሴቶች ርቃ በደቡብ የምትገኝ፣ እስከ 1879 እ.ኤ.አ. ሪዩኩዩ የሚባል የራሷ መንግሥት የነበራት አገር ናት። ከተጠቃለለች በኋላ በትምህርት ቤቶቿ አንድ ቅጣት ነበር፤ መምህራን አንባቢዎቼ ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። በደሴቲቱ ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ተማሪ የእንጨት ሰሌዳ በአንገቱ ላይ ይንጠለጠልበታል። ሰሌዳው ከአንገቱ የሚወርድለት ሌላ ልጅ በዚያው ጥፋት ሲያዝ ነው። ስለዚህ ልጅ ልጅን ይጠብቃል፤ ጓደኛው አፉን ከፍቶ በእናቱ ቋንቋ እስኪናገር ያደባል።

እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነት መጣባት። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ የጃፓንና የአሜሪካ ሠራዊት በደሴቲቱ ላይ ሲዋጉ ከነዋሪው ሕዝብ ሩብ ያህሉ አለቀ። የተረፈው በካምፕ ተሰበሰበ። በዚያ ካምፕ ውስጥ የሆነውን ነው ከሁሉ በላይ ለጎብዬው ጀሪካን መቺ ልነግረው የምወድደው። የኦኪናዋ ባህላዊ መሣሪያ ሳንሺን ይባላል፤ ባለ ሦስት ክር ሲሆን ሆዱ በእባብ ቆዳ የተለበጠ ነው። መሣሪያው ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል፤ እባብም አደን የለም። ሰዎቹ ከወታደሩ የተጣለውን የምግብ ቆርቆሮ አንሥተው፣ ከአልጋ እንጨት እጀታ ጠርበው፣ የጃንጥላ መውረጃ ገመድ ፈትለው ክር አደረጉና የቆርቆሮ ሳንሺን ሠሩ። በእርሱም ዘፈኑ። ዛሬ ያ የቆርቆሮ መሣሪያ በትምህርት ቤት ልጆች የሚሠሩት የደሴቲቱ ኩራት ነው። በዚያ ካምፕ ውስጥ «ይህ የእባብ ቆዳ ስላልሆነ ባህላችን አይደለም» የሚል ገምጋሚ እንዳልነበረ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ደሴቲቱ እስከ 1972 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ቆየች። ዛሬም ከጃፓን የቆዳ ስፋት ከመቶ አንድ እጅ የማትሞላው ኦኪናዋ፣ በጃፓን ለአሜሪካ ጦር ብቻ ከተሰጠው መሬት ከመቶ 70 ያህሉን ተሸክማለች። ሦስቱ ልጆች ያደጉት በዚህ አጥር ሥር ነው። ሊጮኹበት የሚችሉት ነገር ሞልቶ ነበር፤ ጮኸዋልም፤ በዚያው አልበም ውስጥ ስለ ደሴታቸው የዘፈኑት አለ። ሕዝቡ አንሥቶ በየቤቱ ያስገባው ግን የአንድ ሰው ለአንድ ሰው የሆነውን ትንሽ ፍቅር ነው። ታዲያ ከጦርነት የወጣ ሕዝብ ልጅ ስለ ፍቅር ሲዘፍን መከራውን ረሳ ማለት ነውን? ጀሪካን መቺው የሰጠኝን መልስ ከዚህ ጋር አያይዤ ሳስበው፣ እርሱ ምን መናገር እንዳለበት ከእኛ አራታችን የተሻለ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ቅኝት እንምጣ፤ «የባዕድ ዜማ» የሚለው ነቀፋ ሥሩ እዚህ ነውና። ወሎ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ያወረሰቻቸው አራት ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ መሆናቸው ይታወቃል። ከነዚህም ሁለቱ የቦታ ስም የያዙ ናቸው። የባቲን ቅኝት በሜጀሩ አስተካከል ብንወስድ ድምፆቹ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ናቸው። የኦኪናዋ ባህላዊ ቅኝት ማለትም ያ የቆርቆሮ ሳንሺን የሚቃኝበት ስንት ድምፅ አለው? አምስት፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አንድ ናቸው። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ግማሽ ድምፅ የወረደ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ግማሽ ድምፅ የወረደ ላ ነው፤ ይኸው አደራደር በጃፓን ከተሞች የኮቶና የሻሚሴን ሙዚቃ ውስጥ ሚያኮ ቡሺ ተብሎ ይታወቃል። ትዝታችንም በጃፓን የሕዝብ ዘፈን ውስጥ ወንድም አለው። ከባቲ ገበያ ወደ ኦኪናዋ የተሻገረ ነጋዴ እንደነበረ የሚነግረን የለም፤ አምስት ድምፅ ይዞ የሚዘፍን ሕዝብ በሁለት ዳርቻ ላይ ያው መንገድ ላይ ሊገናኝ እንደሚችል ግን ጆሮ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ የነቀፋው ባለቤቶች ፈጥነው ደስ እንዳይላቸው አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ትንሿ የፍቅር ዘፈን በዚያ በደሴቲቱ ቅኝት አልተሠራችም። በሰባት ድምፅ፣ በማንኛውም የጊታር ተማሪ አኮርድ የተሠራች ናት። እንግዲያውስ የኦኪናዋ ሰው ለምን የኔ ናት ይላታል? ልጆቹ ቶኪዮ ሄደው ስላልቀሩ ነው። ሚሊዮኖች ከተሸጠላቸውም በኋላ ኑሯቸው በደሴታቸው ነበር፤ ጊታር መቺው ከዓመታት በኋላ ቢለያቸውም የቀሩት ሁለቱ በዚያው ናቸው፤ የሙዚቃ በዓላቸውን የሚያዘጋጁት በዚያው ነው። ከሚዘፍኑላቸው ሰዎች ጋር ገበያ ይወጣሉ ማለት ነው። ዜማ ዜግነት የሚያገኘው በድምፅ ቁጥር ይመስለን የነበርን ሁላችን ይህን ብናስብበት መልካም ነው።

ደግሞስ «ባዕድ» የሚለውን ቃል የምንወረውረው በምን ቤት ውስጥ ተቀምጠን ነው? ዛሬ «ዘመናዊ የኢትዮጵያ ሙዚቃ» እያልን የምንመካበት ነገር ታሪኩ የሚጀምረው በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ከዚያ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ አደገ። ጡሩምባው የማን ነበር? ሳክስፎኑስ? ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎንን አንሥቶ ሽለላን ሲያስፎክርበት፣ የቤልጂግ ሰው የሠራው የናስ ቧንቧ ነው ብሎ ያወረደው ሰው አልነበረም። እንዲያውም የሽለላው ባለቤት የተባለው እርሱ ነው። እርሱ ዘንድ ደግሞ ፓንክ ራሱ መጥቶ ደጅ ጠንቷል። ዘ ኤክስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ የሆላንድ የፓንክ ባንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 25ኛ ዓመቱን በአምስተርዳም ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ። ያን ጊዜ ጌታቸው ሰባ ዓመት አልፎታል። እነዚያ ጊታር ሰባሪ ሆላንዶች ከሽማግሌው ኋላ ተሰልፈው ሽለላውን ሲያጅቡት የሰማ ሰው፣ የፎካሪውና የፓንኩ ጩኸት ከአንድ ጉሮሮ እንደሚወጣ አይጠራጠርም። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ከማረፉ በፊት በአውሮፓ መድረኮች ከእነርሱ ጋር ቆሟል። በአገር ቤትም ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» በሚለው አልበሙ የሮክ ጊታርን ከአማርኛ ዜማ ጋር አጋብቷል፤ ያኔም የተባለው ይኸው ነበር፤ ጩኸት ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የጎብዬን አዳራሽ ያደነቆረው የልጆቹ ጊታር አልነበረም። ከእነርሱ በፊት ጥሩ ነጥብ የሰጠነውን ዘፋኝ ላስታውስ። የራያን ጭፈራ ያጀበው ኪቦርድ ነው። ከበሮው በፋብሪካ የተሞላ ነው፤ በአንድ ጣት ይጫናል፤ ለራያም፣ ለጎጃምም፣ ለጉራጌም ያው ይመታል። የማሲንቆው ድምፅ ማሲንቆ አይደለም፤ እጅ ደረቱ ላይ ስታርፍ የሚሰማውን የፈረስ ጭራ ትንፋሽ አያውቀውም። የራያ ሰው እግሩን ሲያነሣ የሚዘገየውን፣ ትከሻው ሲወርድ የሚጣደፈውን ያን ልዩ ነገር ማሽኑ እኩል አድርጎ ከርክሞታል። ይህን «ባህላዊ» ብለን መዘገብን፤ ልጁ በገዛ እጁ፣ በገዛ ክንዱ ድካም ጀሪካን ሲመታ ግን «ባህላችን አይደለም» አልን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ሶለልም ቢሆን ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። በነሐሴ አጋማሽ የቆቦ ልጃገረዶች ከበሯቸውን ይዘው በየደጁ የሚዞሩበት ጨዋታ፣ ለእንግዳ ሲቀርብ አንድ ዓይነት ጥልፍ ለብሶ፣ በሰባት ደቂቃ ተመጥኖ፣ በኪቦርድ ታጅቦ ነው። ልጃገረዶቹ ያን ዕለት የሚጨፍሩት ለራሳቸው አይደለም።

የአንቺ ሆዬ ለኔን ነገር ሳላነሣ ልለፍ አልችልም። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙ ራሱ ለሴት ልጅ የተላከ ጥሪ ነው! ትዝታስ የማን ትዝታ ነው? ቅኝቱን የሰየሙት አባቶችና እናቶች ረኃብ አላወቁም፣ ጦርነት አላዩም ያለ ማን ነው? ራያ ቆላ ማሽላው ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ሲጠብቁ፣ ከማማ ማማ የሚቀባበሉት ዜማ ምሳ ስለምታመጣው ልጅ መሆኑን በዚያ አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ማሽላውን ወፍ እንዳይበላው የሚጠብቅ ድምፅ ነው፤ ሥራ ነው። ግን ቃሉ ፍቅር ነው። ከዚህ ማማ ላይ «መልእክት የለህም ውረድ» የሚለው ገበሬ የለም።

ይህን ስል ተማሪዎቹ ያቀረቡት ሥራ ነውር የሌለበት ነበር ማለቴ አይደለም። ብገመግመው ኖሮ፣ ማለትም ሥራዬን ሠርቼ ቢሆን ኖሮ፣ የምላቸው ብዙ ነበረኝ። በመጀመሪያ ግጥማቸው በወል ቤት የተጻፈ ነው፤ ስድስት ቀለም፣ ዕረፍት፣ ስድስት ቀለም። ይህ ቤት በልኩ የሚራመድ ነው። የጃፓኑ ዜማ ግን ቃልን በአጭር በአጭሩ እየቆረጠ የሚሮጥ ስለሆነ፣ ዘፋኙ ዕረፍቱን ዋጠው፤ ሐረጉም ከመካከሉ ተሰበረ። አምስት በአምስት የሚሄደው ሰንጎ መገን ለዚያ ሩጫ ይሻላቸው ነበር፤ ሳይሞክሩት ቀርተዋል። ከዚህ የከፋው የላላና የጠበቀ ነገር ነው። አማርኛ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም የሚለውጥ ቋንቋ ነው። ልጁ አስፋልቱ ዳር «አለ»፣ ማለትም አስፋልቱ ዳር ይገኛል ሊል ነው፤ ለው መጥበቅ ነበረበት። ጀሪካኑ ግን ከለው ላይ ጥድፊያ ስላዘዘ ላልቶ ወጣ፤ ስለዚህ ልጁ ቆሞ መጠበቁ ቀርቶ አንድ ነገር የተናገረ መሰለ፤ ምን እንዳለ ስንጠብቅ ዘፈኑ አለፈ። ጃፓንኛም ድምፅ የሚያጠብቅ ቋንቋ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ ኪዮሳኩ ኡኤዙ ጠባቂዋን ፊደል ድራሙ እስኪደርስባት እንዴት ይዟት እንደሚቆይ አዳምጠው በተማሩ ነበር። አዝማቹ ላይ ደግሞ «ልቤ ተሰበረ» የሚል፣ የስንቱ ዘፋኝ እጅ ያደከመው አባባል አለ። አስፋልት፣ ባጃጅና ገበያ ይዞ የመጣ ልጅ ወደዚያ አባባል መሸሽ አልነበረበትም። ልጅቱ ባጃጅ ውስጥ ሆና ያላየችው ፊቷን ከአቧራ ስትሸፍን እንደሆነ በሁለተኛው ቤት ይናገራል፤ የዘፈኑ ምርጥ ስንኝ ይህ ነበር፤ ጊታሩ ሸፍኖት ግማሹ አዳራሽ አልሰማውም።

ይህን ሁሉ በዚያ ምሽት መናገር ይቻል ነበር። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ልጆቹ የሚቀበሉት ነቀፌታ ነው፤ ስለ ሥራቸው ነውና። «መልእክት የለውም» ግን ስለ ሥራቸው አልነበረም፤ እኛ መስማት ስለምንፈልገው ነገር ነበር። እኛ መስማት የምንፈልገው ደግሞ ቀድሞ የሰማነውን ነው። ሽለላ አልጠላም፤ ስለ ጌታቸው ከላይ የጻፍሁትን ያነበበ ይህን አያስብብኝም። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ጦር ያለፈበት ቀዬ ልጅ ሁሉ መድረክ በወጣ ቁጥር ይፎክር ማለት፣ ሐዘኑንም ጀግንነቱንም እኛ በሰፋንለት ልክ ይልበስ ማለት ነው። ያ ደግሞ በኦኪናዋ ልጆች አንገት ላይ ከተንጠለጠለው ሰሌዳ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

አንድ ባልደረባዬ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብቦ፣ «ታዲያ ማንም ተነሥቶ የጃፓንን ዜማ እያወረደ መድረክ ይውጣ ልትል ነው?» አለኝ። አይደለም። ዜማ መዋስ መለማመጃ ነው፤ ሃይ ስታንዳርድም የአሜሪካን አሮጌ ዘፈኖች እያፋጠነ ተጫውቷል። የጎብዬዎቹ ሁለተኛ ዘፈን የራሳቸው ዜማ መሆን ይገባዋል። ክራሩን ለቤዝ ብቻ ያዋለው ልጅ በባቲ ቅኝት አስተካክሎት ያን ፍጥነት ይሞክርበት፤ ጣቱ ከኦኪናዋው ቆርቆሮ ጋር ያው ድምፅ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ነገር ከኔ ማስረዳት የበለጠ ነው። ነገር ግን ሁለተኛ ዘፈን የሚኖረው የመጀመሪያው ሲፈቀድለት ነው። ሦስቱ ልጆች ከዚያ ምሽት በኋላ አብረው ተለማምደው እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ጊታሩ የተዋሱት ነበር፤ አዳራሹም ከበዓል ውጭ ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በየወረዳው ያሉ አዳራሾች በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎች ይከፈቱ፤ ኃላፊነቱን አንድ የሙዚቃ ወይም የአማርኛ መምህር ይውሰድ። የግምገማ ወረቀቱ ላይ «መልእክት» ከሚለው ረድፍ ፊት ለፊት ገምጋሚው ከዘፈኑ አንድ ስንኝ ጠቅሶ እንዲጽፍ ይገደድ፤ ስንኙን ካላስታወሰ ነጥብ አይስጥ። እኔ ያን ምሽት ብጠየቅ ኖሮ የአቧራዋን ስንኝ እጽፍ ነበር።

ጀሪካን መቺው በሩ ላይ ሲያናግረኝ እግሩ ይቸኩል ነበር። ጀሪካኑ የእናቱ ነው፤ ሌሊት ቦኖው ላይ ወረፋ ተይዞለት፣ ሳይነጋ ውኃ ሊቀዳበት ይፈለጋል።